ርገጡ፣ ያዙ፣ ልቀቁ

— ሄሎ… ሄሎ? ማን ልበል?… አንቺ ነሽ እንዴ። ቆይ ልጄ፣ ስልኩን ወደሚሰማው ጆሮዬ ላዙረው… ይኸው። አሁን አውሪ።

— የት እሆናለሁ፣ የጭነት መኪናዬ ውስጥ ነኛ። ጋቢና ገብቼ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ እንደ ድሮዬ። የጎደለኝ መንገድ ብቻ ነው።

— አይ፣ ገና ከግቢ አልወጣም። ሞተሩ ግን ተነሳ… አዎ፣ ተነሳ አልኩሽ። ትናንት ከሰዓት በኋላ። መጀመሪያ ሳል ሳል አደረገው፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ እኔም ‘በቃ ሞቷል’ ብዬ ልወርድ ስል ያንን ጥቁር ጭሱን በጎረቤት አጥር ላይ ለቀቀው። ሴትዮዋ ነጭ አንሶላ አስጥታ ኖሯል። እስካሁን እየረገመችኝ ነው። እንኳንም ረገመችኝ። ስንት ዓመት የቆመ መኪና ተነስቶ ሰው ሲያስረግም መስማት ደስ ይላል።

— ማን ይሆናል፣ ጢሞ ነዋ። የኔ ረዳት። ሌላ ማን ደፍሮ ይነካዋል? መጀመሪያ የጠራኋቸው የጋራዥ ልጆችማ አንዴ ዞረው አዩትና ምን አሉኝ መሰለሽ፣ ‘አባባ፣ ይሄንን በኪሎ ይሽጡት’። በኪሎ። ስንቱን ቁልቁለት አብሮኝ የወረደ መኪና እንደ ሽንኩርት።

— ጢሞማ መጣ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሥር ገባ፣ በቃ። ሞተሩ አጠገብ ድመት ወልዳ ነበር፤ ልጆቿን አንድ በአንድ በኮፍያው አወጣቸው። ሽቦውን አይጥ ጨርሳዋለች፣ እሱን ቀየረ። ናፍጣው ታንከሩ ውስጥ እንደ ማር ረግቶ ነበር፣ እሱን ቀድቶ ታንከሩን አጠበ። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው ነበር፣ ከየት ከየት ለቃቅሞ ደህና ደህናውን ገጠመ። ሌሊት መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ ሳይተኛ በቀጥታ ነው የሚመጣው። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ወንበር ላይ ተቀምጬ ‘እንደሱ አይደለም’ ማለት ነው።

— አሁን የለም። የፍሬን ዘይት አንሶን ሊገዛ ወጣ። እሱ ስለሌለ ነው እንደ ልቤ የማወራሽ። ፍሬኑ ብቻ ነው የቀረን። አየር ገብቶበታል። አየሩ ካልወጣ ፍሬኑን ብትረግጪው ትራስ የረገጥሽ ነው የሚመስልሽ፣ አይዝም። እኔ እዚህ ተቀምጬ እረግጣለሁ፣ እሱ ከሥር ጎማው ጋ ያለችውን ቡሎን ፈታ ያደርጋታል። ‘ርገጡ’ ይለኛል፣ እረግጣለሁ። ‘ያዙ’ ይለኛል፣ ረግጬ እይዛለሁ። አየሩ ከዘይቱ ጋር አረፋ እየሠራ ሲወጣ ቡሎኗን ያጠብቅና ‘ልቀቁ’ ይለኛል። እሱ ሳይለኝ ከለቀቅኩ አየሩ ተመልሶ ይገባና የሠራነውን ሁሉ ውሃ በላው።

— በግራዬ ነዋ። ቀኙማ መኖሩንም አላውቅ፣ ስኳሩ አደንዝዞታል። ሐኪሙ መሪ የከለከለኝ በሱ አይደል። ለመቆም ያህል ነው ይዤው የምዞረው።

— ምን አልሽኝ?… … አልነገርኩትም።

— አልነገርኩትማ። ልነግረው ነበር እኮ። ባለፈው ሳምንት ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ ነገር አወጣ። የመሪ ልብስ። ቀይ፣ ዳር ዳሩን ጥቁር ክር የዞረበት። ‘ጋሼ፣ እጅ እንዳያልብ’ አለና ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ መሪው ላይ ሰፋው። ይኸው አሁን እጄ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ምን ልበለው? ‘ልብሱ አምሯል፣ መሪው ግን የሌላ ሰው ነው’ ልበለው?

— ከዚያ በፊትም አልነገርኩትም። በቃ አልነገርኩትም ልጄ፣ አታድርቂኝ።

— አልዋሸሁትም እኮ። አንዲት ውሸት አልወጣኝም። ደውዬ ‘መኪናውን እናስነሳው’ ነው ያልኩት። ‘ለማን?’ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም… አዎ። አዎ፣ እናትሽም እንደሱ ነው ያለችኝ። ‘ዝም ማለትህ ከውሸት ይከፋል’ አለችና ይኸው ከትናንት ጀምራ አኩርፋኛለች። ምሳ ስታቀርብልኝ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጥበትን ድምፅ ብትሰሚው እሱ ራሱ ንግግር ነው።

— ለምንስ ይጠይቀኛል? አንቺስ በሠርግሽ ቀን አልነበርሽም? ሰው ሁሉ ባለበት፣ ባልሽም አጠገብሽ ተቀምጦ፣ ብርጭቆዬን አንስቼ ‘ልጄን ለሙሽራው፣ መሪ የለቀቅኩ ቀን ደግሞ መኪናዬን ለረዳቴ’ አላልኩም? ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጢሞ ግን አልሳቀም። በነጋታው ሄዶ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ተመዘገበ… አዎ፣ ያኔ ነው ያወጣው። እስከ ዛሬም ያሳድሰዋል፣ መኪና የሌለው ሰው። ሌሎች ባለ መኪናዎች ‘ና መሪ ያዝልን’ ሲሉት ‘የጋሼን ነው የምጠብቀው’ እያለ እምቢ ይል ነበር። እኔ ታምሜ መኪናው ሲቆም ሄዶ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። የሚጠብቀው ግን መጋዘኑን አልነበረም፣ ይሄንን ነው።

— አውቃለሁ። ያንቺም ችግር ችግር ነው፣ መቼ ጠፋኝ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ባልሽ ግድግዳ ላይ አፍጦ እንደሚውል፣ ልጆቹ ላይ መጮኽ እንደጀመረ እያለቀስሽ ስትነግሪኝ አንጀቴ አልቻለም። አንቺ እኮ ከልጅነትሽ ጀምሮ ‘አባዬ ይሄን ስጠኝ’ ብለሽኝ አታውቂም። አንዴ ብትለምኚኝ እምቢ ልበልሽ? ‘መኪናው አለላችሁ’ አልኩሽ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም። ያልኩሽን አልካድኩም። ግን ያለ ጢሞ መኪናው አይነሳም፤ ጢሞ ደግሞ ለሌላ ሰው ነው ካልኩት አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ነገሩ ይሄው ነው። ደግሞ እኮ ብነግረውም ይመጣ ይሆናል። ያ ነው የባሰ የሚያሳፍረኝ። ይምጣ አይምጣ እሱ ይወስን አላልኩም።

— ማነው የሚያለቅሰው? ትንሹ ነው?… አንሺው በይ፣ አንሺው፣ እጠብቅሻለሁ… … እህ። ራበው እንጂ።

— ባልሽ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?… ወጥቷል?… ታዲያ ከመንገድ መልሺዋ። ደውለሽ ‘ለነገ አድርገው’ በይው… አያነሳም? አውቶቡስ ውስጥ መቼ ይሰማል… አይ፣ አንቺን አልተቆጣሁም። ማንን ልቆጣ። ዛሬ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ‘ከዚህ በቀጥታ ወደ መኪና ምርመራው ይወስደዋል’ ያልኩትም እኔ ነኝ።

— ጸጥ በይ፣ መጣ። ጢሞ መጣ። አትዝጊ፣ እንደ ዋዛ አውሪኝ… አገኘህ ዘይቱን?… ጎሽ… ልጄ ናት… እሺ እላታለሁ… ‘ሰላም ይበሉልኝ፣ ልጆቹን ይሳሙልኝ’ ይልሻል… አንተንም ጠይቃሃለች። ደህና ነው ብያታለሁ። በል ግባ፣ ሳይረፍድብን።

— አሁን ስሚኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራሽ። ሥራው ከሩቁ ጎማ ነው የሚጀመረው፣ ከኋላ። አሁን እዚያ ተኝቷል፤ ቀስ ካልኩ አይሰማኝም። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት እያለ ይመጣል። የመጨረሻው ጎማ እዚሁ እግሬ ሥር ያለው ነው። እዚያ ከደረሰ ማዛጋቴን ሁሉ ይሰማል። የምትዪውን ቶሎ በይ… ረግጫለሁ… ይዣለሁ… ለቀቅኩ።

— ምን ልበለው ነው የምልሽ። አንቺ ተምረሻል፣ ቃሉን ስጪኝ… ‘እውነቱን’። እውነቱንማ አውቀዋለሁ፣ አጀማመሩ ነው የጠፋኝ… ረግጫለሁ… ‘ጢሞ፣ አንድ ነገር ልንገርህ’ እለዋለሁ፣ እሱ ‘ይንገሩኝ ጋሼ’ ብሎ ሥራውን አስቀምጦ ቀና ብሎ ያየኛል። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። በመጨረሻ የምለው ‘ሻይ ጠጣህ ወይ?’ ነው… ለቀቅኩ።

— ቆይ፣ አንድ ነገር እየነገረኝ ነው… ምን አልክ? ጮክ በል… መቼ?… ዛሬ ጠዋት?… ኧረ ለምን ቸኮልክ?… እህ… እህ። ጥሩ። ጥሩ ነው… ረግጫለሁ… ለቀቅኩ።

— ልጄ… አለሽ?… ጥበቃውን ለቋል… ሥራውን ነዋ። ዛሬ ጠዋት ከተረኝነቱ ሲወጣ ፋኖሱንም ዱላውንም ለአለቃው አስረክቦ፣ ‘ከእንግዲህ ሹፌር ነኝ’ ብሎ ተሰናብቶ ነው የመጣው። አለቃው ‘ሞኝ ነህ እንዴ፣ መኪናውን ሳትይዝ ሥራ ትለቃለህ?’ ቢለው ‘አንተ የጋሼን ቃል አታውቅም’ አለው አሉ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ። ‘የጋሼን ቃል አታውቅም።’

— ዝም በይ ትንሽ። ምንም አትበዪኝ።

— … እሺ፣ አስቀምጪልኝ እዚያ… እናትሽ ናት። ውሃ አመጣች። ለጢሞ ነው እንጂ ለኔ አይደለም፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የያዘችው። ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብላ ሰጠችው… ‘ይባርክህ’ አለችው። እኔን አልፋኝ ገባች።

— ምን አልሽ?… ድገሚው እስቲ… ረዳት? ለባልሽ?… አንቺ ልጅ፣ ጤና ነሽ? ጢሞ እኮ ባልሽ ሱሪ መታጠቅ ሳያውቅ በዚህ መኪና ስፖንዳ ላይ ሲንጠለጠል የነበረ ሰው ነው። ያኔ ጢም ስላልነበረው ለቀልድ ያወጣሁለት ስም ነው፣ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ዕድሜ ልኩን ረዳት ሆኖ ኖሮ፣ እነዳዋለሁ ብሎ ያስነሳውን መኪና ሌላ ሰው ሲነዳው እሱ ጎማ እያየ ይዙር?… አላደርገውም። እሱን የምለው ዓይኔን በጨው ከታጠብኩ ነው… ረግጫለሁ ጢሞ… ለቀቅኩ።

— አዎ፣ ባልሽ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም። አውቃለሁ። መንጃ ፈቃድ አለው፣ መንገድ አያውቅም… አውቃለሁ አልኩሽ። ከጢሞ ጋር ከሄደ አንቺ እንቅልፍ ትተኛለሽ። እሺ፣ አንቺ ትተኛለሽ። እኔስ?

— ተራ በተራ ይንዱት?… አንድ መሪ ለሁለት ቤት? ልጄ፣ ባልሽን አታውቂውም? ጢሞን ሁለት ሳምንት ታግሶ በሦስተኛው ‘መኪናው የማን ነው’ ይለዋል። ያኔ ደግሞ የባሰ ነው።

— መኪናውን ለጢሞ ልስጠውና ባልሽን ይቅርታ ልጠይቀው?… … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?… ዝም አልሽ። አየሽ፣ ዝም አልሽ። አልፈርድብሽም። እኔም እሱን ሳስብ እንዳንቺው ነው የሚያደርገኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚሉት፣ እሱን አነሳለሁ ብዬ አንቺንና ልጆችሽን ልጥል ነው። አልችልም። ስለማልችል ነው የማፍረው። ብችል ኖሮማ ተናግሬው አርፍ ነበር።

— ከፊት ጎማ ጋ ደርሷል። በወዲያኛው በኩል ነው። ድምፁ ቀረበ፣ ቀስ በዪ… ረግጫለሁ… ይዣለሁ… እ? መልእክት? ከባልሽ? ምን ይላል?… ‘ወረድኩ’…

— ውይ። ለቀቅኩት። ጢሞ፣ ለቀቅኩት፣ ይቅርታ… አዎ፣ ሳትለኝ ነው… አየር ገባ አይደል?… ምን ይላል መሰለሽ፣ ‘ጋሼ፣ ሐሳብዎ ቀድሞን መንገድ ወጥቷል’ ይላል። ይስቃል። ሊያልቅ የደረሰውን እንደገና ልንጀምር ነው፣ እሱ ይስቃል። ረዳቴ ሳለ እሱ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስነዘንዘው እውል ነበር።

— ረግጫለሁ… ይዣለሁ… ለቀቅኩ… ከአደባባዩ እዚህ ድረስ በእግር ቅርብ ነው። ሱቅ ካልገባ፣ ሰው ካላገኘ፣ ይኸው ደረሰ በይው… ረግጫለሁ… ለቀቅኩ። ባልሽ መጥቶ ‘መኪናዬ አለቀ ወይ?’ ብሎ ከሚነግረው እኔ ልንገረው። እሱ እንኳን ይቅርለት። የኔን ነውር ከኔ አፍ ይስማው።

— ጨረሰ ወዲያኛውን። ሊዞር ነው… እዚሁ ገባ። ጫማው ከበሩ ሥር ይታየኛል፣ ተረከዙ ተበልቷል።

— አሁን ልነግረው ነው… አዎ አሁን፣ ፊቱን ሳላይ። ፈሪ በይኝ፣ ነኝ። እሱ ከሥር ቡሎን ይዞ፣ እኔ ከላይ ፍሬን ረግጬ፣ ማናችንም ተነስተን መሄድ አንችልም። አንቺ ግን እንዳትዘጊ። ብቻዬን አታድርጊኝ።

— ረግጫለሁ ጢሞ… ይዣለሁ… ጢሞ፣ እጅህን ሳታነሳ ስማኝ። ይሄ መኪና… መኪናውን ለልጄ ባል ሰጥቼዋለሁ… አዎ… ከመጀመሪያው ጀምሮ። አንተን ከመጥራቴ በፊት ነው… ዛሬ ሊወስደው እየመጣ ነው። በመንገድ ላይ ነው ያለው… ቃሌን በላሁ። ሰው ሰምቶት የነበረውን ቃል። አንተን ጠርቼ ለሌላ ሰው አሠራሁህ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፣ ረስቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።

— … … …

— ዝም ብሏል።

— አይ፣ አልወጣም። ጫማው እንዳለ ነው… ልቀቁ አላለኝም ልጄ። እንደያዝኩ ነኝ… አልለቅም። እሱ ሳይለኝ አልለቅም… እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ… ወደ ጉልበቴ ወጣ… ይሁን፣ ያቆየኝ። እስኪመሽ ቢያቆየኝ ምን እለዋለሁ።

— … ጢሞ?… …

— ‘ልቀቁ’ አለ።

— ለቀቅኩ… እንደገና ‘ርገጡ’ አለኝ። ድምፁ እንደቅድሙ ነው… ረግጫለሁ… ይዣለሁ… ለቀቅኩ… ደነደነ። ልጄ፣ ፍሬኑ ደነደነ። ድንጋይ ሆኗል። ነግሬው እኮ ነው ያጠበቀው። ቢፈልግ ትቶት መሄድ ይችል ነበር፤ ግማሽ ዙር ሳያጠብቃት ቢቀርም ማን ያውቅበታል? እስከ መጨረሻው ነው ያጠበቃት።

— ወጣ… እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው፣ ጣት በጣት። ወደኔ አያይም። መፍቻዎቹን ሰበሰበ… ይስደበኝ እንጂ። አንዴ ይስደበኝና ይውጣልን።

— ጢሞ… ጢሞ፣ ና እስቲ… ልጁ መንገድ አያውቅም። ጭነት ይዞ ወርዶ አያውቅም። ሰው ያስፈልገዋል። እና አንተ ሥራህንም ለቀሃል… እና ከሱ ጋር… ለጊዜው… እንደ ድሮህ ብትሆንለት…

— አልኩት። አልለውም ያልኩሽን አልኩት። ሰማሽ አይደል… እኔ እንጃ። ባዶ እጁን ወደ ሚስቱ እንዳይገባ ብዬ ነው… አይ። እሱ ውሸቴን ነው። ላንቺ ብዬ ነው ያልኩት።

— … ‘እሺ’ አለ።

— ‘እሺ’ ነዋ። ቆይ… ምን አልክ ጢሞ?… ነገ… እኔ እንጃ፣ እሱን ልጁን ትጠይቀዋለህ… ‘ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?’ አለኝ ልጄ። ድሮ ማታ ማታ ሲሰናበተኝ የሚጠይቀኝን። ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ሞተር ሊያሞቅልኝ የሚጠይቀኝን።

— አትበይኝ። ‘እግዜር ይስጥልኝ አባዬ’ አትበይኝ፣ ዛሬ እንዳትዪው። እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር እኮ። እምቢ ቢለኝ፣ አንዴ ጮኾ ቢሰድበኝ፣ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጬ ባልሽን እግሩ ላይ ወድቄ እለምነው ነበር… እላለሁ አሁን። ማድረጌን እንጃ። እሺ ብሎ ከዚያም ገላገለኝ።

— እያንኳኳ ነው። ባልሽ ነው… ጢሞ ሊከፍትለት ሄደ። ሄደ ምን ማለት ነው፣ ሮጠ።

— ገባ። ጫማውን አስጠርጓል… ጢሞን ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ። ጢሞ እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ሰጠው… ቆይ፣ ልውረድ፣ ቦታውን ልልቀቅለት… እንኳን ደህና መጣህ። ግባ፣ ተቀመጥ። ወንበሩን ወደ ኋላ ግፋው፣ እግርህ ረጅም ነው… አዎ፣ የመሪው ልብስ አዲስ ነው… ጢሞ ነው የሰፋው… አዎ፣ ያምራል።

— ‘ደርሻለሁ በሏት’ ይላል። ደስ ብሎታል። ፊቱ በርቷል፣ እሱን ልንገርሽ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም… አስነሳው። ሰማሽ?… ጮክ በይ፣ አልሰማሽም… ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ።

— ግቢው ለመዞር ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ እየነዳ ነው የሚያወጣው። ጢሞ ከኋላ ቆሞ እየመራው ነው… ‘ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ ስበር፣ ትንሽ ስበር፣ ና’… ድምፁ ምንም አልተለወጠም። ለኔ ሲል የነበረውን ነው የሚለው፣ ያንኑ ቃል… ወጣ። አጥሩን ሳይነካ ወጣ። ጢሞ ስፖንዳውን በመዳፉ ሁለቴ መታው። ሂድ ማለቱ ነው።

— ጋቢና አልገባም። ባልሽ በሩን ከፍቶ ‘ግባ እንጂ’ እያለው ነው፣ እሱስ ጨዋ ነው… ‘እዚህ ይሻለኛል’ ብሎ ከኋላ ተንጠለጠለ። በዚያ ዕድሜው። ባዶ ወንበር እያለ።

— ጢሞ… ጢሞ፣ ቆይ እስቲ… ጢሞ… አይሰማም።

— እኔ እንጃ ምን ልለው እንደነበር። የምለው ቢኖርማ ቅድም እለው ነበር።

— መታጠፊያው ጋ ደረሱ… ፍሬን ያዘ… ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሰው አሳለፈ… ዞሩ። አይታዩኝም አሁን… አዎ ልጄ። በደህና ይደርሱልሻል። አትስጊ፣ ጢሞ አለ… ጢሞ ካለ ምንም አይሆንም… እሺ… አንቺ ዝጊው። እኔ ትንሽ ልቁም።